ብስክሌቴና የቃሊቲው ካቴና

እኔን የገጨኝ ባቡር ነው። ይህን ስናገር የማያውቀኝ ሰው ደንግጦ "እግዚአብሔር ነው ያተረፈዎት!" ይለኛል። የሚያውቀኝ ግን ይስቃል፤ በአቃቂ የሚያልፈው የድሮ ባቡር መሄድ ካቆመ ስንት ዘመኑ! ባቡሩ ሄደ፣ ሐዲዱ ቀረ። ክረምት ነበር፤ ሐዲዱን ጭቃ ሞልቶት ከመንገዱ አይለይም። ከዳቦ ቤት ስመለስ፣ ማዶ ላየሁት ወዳጄ አንድ እጄን ለቅቄ ሰላምታ ስሰጥ፣ የፊት ጎማዬ ሐዲዱ ጥግ ካለው ስንጥቅ ገብቶ ተቀረቀረ። ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ ግን ጉዞዬን ቀጠልኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርቶ አንዲት ጭረት ሳይነካው ጡረታ ወጣ። ልጁ ባቡር በሌለበት ተገጨ።

የተሰበረው የግራ ጭኔ ነው፣ ከዳሌዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ። እግሬ እኔ ወደማላውቀው አቅጣጫ ዞሮ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "ውሃ ስጡት" ይላል፤ ሌላው "እንዳትነኩት!" ይላል፤ ሦስተኛው ወጌሻ ሊጠራ ይሮጣል። ዳቦዬን ግን ሁሉም ስለረሳው ውሻ ወሰደው።

በዚህ መሐል ሚስቴ ደረሰች።

ስለ እሷ ትንሽ ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ አይገባችሁም። ሁለታችንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን፤ እኔ ጥገና ክፍል፣ እሷ ሽመና ክፍል። ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኑ ሁሉ በአንድ ላይ ሲነሳ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ በከንፈርና በእጅ ያወሩ ነበር። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሐሜት ይለዋወጣሉ፤ አንዲት ድምፅ አይወጣም። ሚስቴ ጡረታ ስትወጣ ጆሮዎቿን ግማሽ በግማሽ እዚያው ትታ ወጣች፤ ዓይኗ ግን የሁለት ሰው ዓይን ሆነ። ከመንገድ ማዶ የማጉረምርመውን ታነባለች። እኔን የመሰለ አፈኛ እንዲህ ያለች ሴት አግብቶ በሰላም ማርጀቱ ተአምር ነው።

እና መጣች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮህባታል፤ እሷ ማንንም አልሰማችም። ከንፈሬን አየች። ድምፅ ሳላወጣ "ተሰብሯል" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከሰው አጥር ሁለት ጣውላ ነቀለች፤ ነጠላዋን ቀደደች፤ እግሬን ከጣውላው ጋር ጠፍራ አሰረችው። ከዚያ ጎረምሶቹን በእጇ ምልክት ብቻ እዚህ ያዝ፣ እዚያ ያዝ፣ አሁን አንሱ እያለች፣ እንደ ድር ጥቅል አስነስታ ፒካፕ ላይ አስጫነችኝ። እስከ ሆስፒታል እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ እንደያዘች ነው የሄድነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ጉድጓዱ ከአስፋልቱ ይበዛል። አንድ ጊዜ እንኳ እጇ አልላላም።

"እንዲህ አጥብቀሽ ከያዝሽኝ ስንት ጊዜሽ ነው?" አልኳት።

"ዝም በል። ስትስቅ እግርህ ይንቀሳቀሳል።"

ሐኪሞቹ አጥንቴ ውስጥ ረጅም ብረት ከተቱበት። ዛሬም የፍተሻ መሣሪያ ሲጮህብኝ "ብረት ይዘዋል አባባ?" እባላለሁ። "አዎ፣ ማውጣት ከፈለጋችሁ ግን ሐኪም ጥሩ" እላለሁ።

ቤት ገብቼ ስተኛ ነው ሚስቴን በትክክል ያወቅኋት ብል ሐሰት አይሆንም። ስትገለብጠኝ፣ ስታጥበኝ፣ ስታስነሳኝ አንድ ቀን "ተሸከምኩህ" አላለችም። ማጉረምረሙን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ የሁለታችንንም ድርሻ። አንድ ነገር ብቻ በዝምታ አደረገች፦ ብስክሌቴን ዕቃ ቤት አስገብታ በነጭ አንሶላ ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው በተከፈተው በር አይቶት "ይኼ ምንድን ነው?" ካለ "የሟች ንብረት ነው" ትል ነበር። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ሟቹ እኔ ልሁን ብስክሌቱ አልተነገረኝም።

ክራንች ይዤ መራመድ ስጀምር ሐኪሙ እግሬን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ "አባባ፣ ለዚህ ጉልበት ብስክሌት በጣም ጥሩ ነው" አለኝ። ልቤ ዘለለች። ሚስቴ ከጎኔ ቆማ ከንፈሩን እያየች ነበር።

"የማይሄደውን ነው አይደል ዶክተር?" አለችው።

"እ?"

"እዚያ ጥግ የቆመውን፤ የማይሄደውን ብስክሌት።"

ሐኪሙ እኔን አየ፤ እሷን አየ። የተማረ ሰው ነው፤ አደጋ ሲመጣ ያውቃል። "አዎ፣ የማይሄደውን" አለ።

እንግዲህ የማይሄደው ብስክሌት ላይ ወጣሁ። ግድግዳ እያየሁ ፔዳል ስመታ ከረምኩ። መንገድ ላይ ብሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ ፔዳል ደብረ ዘይት ደርሼ ዓሣ በልቼ በተመለስኩ ነበር። በኋላ የሆስፒታሉ ምልልስ ሲሰለቸን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ የራሴን ብስክሌት የኋላ እግሩን ብሎኬት ላይ ብሰቅለው እሱም የማይሄድ ይሆናል። ሚስቴ ሐሳቡን ብዙ አገላበጠችው፤ ተንኮል ፈለገችበት። ከዚያ አንሶላውን ራሷ ገፈፈች፤ ብሎኬቱን ራሷ ደረደረች፤ ብስክሌቱን ነቅንቃ ነቅንቃ "አሁን ውጣ" አለችኝ።

ግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብዬ ፔዳል የምመታ ሽማግሌ ሆንኩ። ወደ ፋብሪካ ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች በጠዋት ሲያልፉ "አባባ፣ የት ደረሱ?" ይሉኛል። "ዱከም!" እላለሁ። ማታ ሲመለሱ "አሁንስ?" "ጎማ ተንፍሶብኝ ዱከም አደርኩ!" ሰፈሩ በኔ ሲስቅ ከረመ። ሚስቴ ግን አትስቅም፤ በር ላይ ቆማ የእግሬን አጣጣፍ ታያለች። ግራ እግሬ መሐል ላይ ሲንቀጠቀጥ ከኔ ቀድማ ታውቃለች። "በቃ" ትላለች፤ እወርዳለሁ።

አንድ ቀን ከብሎኬቱ አወረድኩት። ፊት ለፊቷ ነው ያወረድኩት፤ አልተደበቅሁም፤ እሷም ቆማ አየችኝ። ግራ እግሬ ኮርቻውን መሻገር ስላልቻለ የበሩ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ብስክሌቱን አዘንብዬ፣ እንደ አሮጌ በቅሎ ተለማምጬው ወጣሁ። የሰፈራችን ቀጭን መንገድ ጫፉ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እውነቱን ልናገር? ፈርቼ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የነዳሁት ነገር እንደ ባዕድ ፈረስ ሆነብኝ። አንዲት ጠጠር ባየሁ ቁጥር ብረቱ አጥንቴ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ተመልሼ ስወርድ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ከሚስቴ እሺም የለም፣ እምቢም የለም።

ልጃችን ግን ብላለች። ልጃችን ባለትዳር ናት፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። "እማዬ፣ ይኼን ብስክሌት ለቆራሌው ስጪው። ሁለተኛ ብትጠሩኝና ሆስፒታል ብሮጥ ልቤ አይችልም" አለች። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር የዕቃ ቤቱን በር እዘጋ ጀመር።

እናቷ "እስቲ ላስብበት" አለች።

ሚስቴ "እስቲ ላስብበት" ካለች ነገሩ ከእጄ ወጥቷል ማለት ነው። እኔም አልተሟገትኩም። ያንን እግር አስራ ጭኗ ላይ ይዛ የሄደችው እሷ ናት፤ ፍርዱም የሷ ነው። ስጥ ካለች እሰጣለሁ፤ እሺ ካለች እነዳለሁ። ግን ዳኛ ፊት ማስረጃ ማቅረብ ክልክል አይደለም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ገበያ ስትወጣ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ቃሊቲ ሄድኩ። ሐሳቤ ይህ ነበር፦ ቃሊቲ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ምሳ ላይ ቀና ብዬ ተቀምጬ "ዛሬ ቃሊቲ ደርሼ መጣሁ" እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ትላለች?

ያንን መንገድ በጡረተኛ እግር ነድቶ ያየ ይፍረደኝ። የጭነት መኪናው በጎኔ ሲያልፍ ነፋሱ ወደ ራሱ ይስበኛል፤ ካለፈ በኋላ ወደ ቦይ ይገፋኛል። ሚኒባሱ ፊቴ ላይ ድንገት ይቆማል። አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ "ፋዘር፣ ይግቡ፣ ወንበር አለ!" ይለኛል። ግን ሄድኩ። የከተማው ባቡር የሚያልቅበት ቦታ ደረስኩ። ይኼኛው ባቡር የሚሄድ ስለሆነ በአክብሮት ራቅ ብዬ ዞርኩ፤ ለመመለስ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ስመታው አንድ ነገር ቋ አለና እግሬ ባዶ ዞረ። ካቴናው ተበጥሶ አስፋልቱ ላይ እንደ ሞተ እባብ ተዘረጋ።

ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ቁጢጥ ብዬ መሥራት አልችልም። ምሳ ሰዓትም ቀርቧል። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። በዚያ ጡሩምባ መሐል ቆሜ የጮኽኩት እንዲህ ነው፦ "አንቺ! ቃሊቲ ነኝ! ካቴና ተበጥሶብኝ ነው! ምሳ እንዳትጠብቂኝ!"

 ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። "በስመ አብ፣ ተቆጣች" አልኩ።

አስቡት እንግዲህ። ስልክ ከንፈር የለውም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ግማሽ ጆሮዋ የለቀመው ሦስት ቃል ነው፦ ቃሊቲ፣ ካቴና፣ ምሳ። እኛ ብስክሌት ያለን ሰዎች ፔዳሉን ከኋላ ጎማ የሚያያይዘውን ሰንሰለት ካቴና እንላለን፤ ፖሊስ ደግሞ እጅ የሚያስርበትን። በኛ አገር ደግሞ "ቃሊቲ ገባ" የተባለ ሰው ሰፈር ቀየረ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት ከራሷና ካመጣት የባጃጅ ነጂ ነው። አላለቀሰችም፤ ጎረቤት አልጠራችም። ምሳ ዕቃውን ሞላች፤ ጋቢዬን አጠፈች፤ ሳሙናና ካልሲ ጨመረች። ባጃጅ ኮንትራት ይዛ እስር ቤቱ በር ሄደች።

ዘበኛው መዝገቡን አይቶ "እናቴ፣ በዚህ ስም ዛሬ የገባ ሰው የለም" አላት።

"ደግመህ እይልኝ ልጄ። እሱ ራሱ ደውሎልኛል።"

"የተከሰሱበት ምንድን ነው?"

"የቱን ልንገርህ?"

ዘበኛው ሳቁን ዋጠና ወንበር አቀረበላት። "ምን አይነት ሰው ናቸው?" አላት። "አፉ ነው ችግሩ፤ እጁ ንጹሕ ነው" አለችው። ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ከየት አገኛለሁ? ሦስተኛ ጊዜ ታይቶ ስሜ ሲጠፋ "እንግዲያው ሲመጣ ስጡት" ብላ ምሳ ዕቃውን ልትተወው ነበር፤ ዘበኛው እየለመነ መልሶ አሸከማት።

እኔ በዚህ ጊዜ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ፣ ከጎማዎቹ ክምር ላይ ተቀምጬ ብስክሌቴን ገልብጬ አያለሁ። ጎሚስታው መዶሻና ምስማር አውሶኝ ወደ ሥራው ሄዷል። እጄ ጠቁሯል። አንድ ባጃጅ አልፎኝ ሄደና በድንገት ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሚስቴ ጋቢዬን ታቅፋ ወረደች።

"ተፈታህ?" አለችኝ።

"ከምን?"

"ካቴና አላልክም?"

"ተበጠሰብኝ ነው ያልኩሽ!"

የባጃጁ ልጅ አንገቱን አውጥቶ "አባባ፣ ካቴና በጥሰው አመለጡ እንዴ?" አለ።

ከእግሬ ሥር የተዘረጋውን ሰንሰለት በጣቴ አሳየኋት። አየችው። ብስክሌቱን አየች። የመጣሁበትን መንገድ፣ የሚተላለፈውን የጭነት መኪና፣ ከዚያ የግራ እግሬን አየች። ካልሲውን ከጋቢው መሐል አውጥታ ፊቴ ላይ ወረወረችው። ከጎኔ ጎማ ላይ ተቀመጠችና በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ነው። እንባዋም ይወርዳል፤ ግን ሳቅ ነው።

"ምን አድርጎ ታሰረ ብለሽ ነው?" አልኳት።

"ፖሊስ ላይ ቀልዶ ይሆናል ብዬ ነዋ!"

ምሳውን እዚያው በላን። ጎሚስታውንና የባጃጁን ልጅ ጠርተን፣ ለእስረኛ የተዘጋጀ ሽሮ አራት ሆነን ጨረስነው። ስንበላ ስለ ብስክሌቱ አላነሳችም። እኔም አፌን ጠበቅሁ፤ ይህ በሕይወቴ ካደረግኋቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ነው።

እጇን ታጠበችና "ምኑ ነው የተበላሸው?" አለች። የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ ገጥሞ የሚይዘው ትንሽ ችንካር ወድቆ አቧራ ውስጥ እንደጠፋ ነገርኳት። ጎንበስ አለች። ዓይኗ ያን ያህል ዘመን ከሺህ ክር መሐል የተበጠሰውን አንዱን ሲለይ የኖረ ነው፤ ችንካሩን ከአቧራው አነሳችው። ከዚያ እኔ በጥቁር ወፍራም ጣቴ ስታገልበት ያየችውን ካቴና ከእጄ ወሰደች። ሁለቱን ጫፍ አገጣጠመች፤ ችንካሩን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፤ ምስማሩን በላዩ አቁማ ያዘች፤ "ምታው" አለችኝ። መዶሻውን አነሳሁ። "ጣቴን አይደለም፣ ምስማሩን።" መታሁት። ፔዳሉን በእጇ አዞረችው፤ የኋላ ጎማው እየዘመረ ዞረ። ዞሮ እስኪቆም አየችው።

ብስክሌቱን ባጃጅ ላይ እንጭናለን ብዬ ነበር። "ምን ተሰበርክ?" አለችኝ። "ውጣ። እኔ ከኋላ አለሁ።"

እንዲህ ሆነን ተመለስን፤ እኔ ፊት፣ ባጃጁ ከኋላ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ። ከኋላችን የሚያጓራው የጭነት መኪና ሁሉ ሚስቴን ተጋፈጠ። ከባጃጁ እስከ ወገቧ ወጥታ በእጇ፣ ቆይ፣ አሁን እለፍ፣ ቀስ ትላለች፤ የሚገርመው ሹፌሮቹ ይታዘዛሉ። መንገዱ ላይ አንድ ዳገት አለ፤ መኪና ያለው ሰው ዳገት መሆኑን አያውቅም። እዚያ ላይ ግራ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "በቃ፣ አልችልም" ብዬ አጉረመረምኩ። ከኋላ ሆና ከንፈሬን ልታነብ አትችልም ብዬ ነው።

ባጃጁ ከጎኔ መጣ። "ምን አልክ?"

"ምንም።"

"ልትወርድ ከሆነ ውረድ፤ ማንም አይስቅብህም። የማትወርድ ከሆነ ግን አፍህን ዝጋና ምታ።"

የባጃጁ ልጅ "ይምቱት አባባ! ይምቱት!" እያለ ጡሩምባውን ነፋ። ሚስቴ ማጅራቱን መታ አድርጋ አስቆመችው። አፌን ዘጋሁ። ያን ዳገት እንዴት እንደጨረስኩት ዛሬም አላውቅም፤ የማውቀው ከጎኔ የሚሄድ አንድ ዓይን እግሬን ሲያጥፈውና ሲዘረጋው እንደነበር ብቻ ነው።

ማታ ልጃችን ደወለች። ሚስቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ቆራሌው መጣ?"

"የምን ቆራሌ?"

"ለብስክሌቱ ነዋ። እንዳትተዪው!"

ሚስቴ ጥቁሩ ያልለቀቀውን የጣቷን ጫፍ እያየች "ገና ዛሬ ያበጀሁትን?" አለች።

ልጃችን ዝም አለች። እኔም። እዚያ ቤት ውስጥ እኔ ዝም ያልኩበት ጊዜ ስለማይበዛ ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

እሺ የምትለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣችም። በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ሆና "ሽንኩርት አልቋል" አለች። ከዘራዬን አነሳሁ።

"በእግርህ ሄደህ መቼ ልትመለስ ነው?" አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

ከዘራውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር ትንፋሼን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ብስክሌቴን አዘንብዬ ወጣሁበት። ጉሊቱ ጋ ስደርስ እግሬ መቆም አልፈለገም፤ አለፍኩት። ዞሬ ስመጣም አልቆመም፤ እንደገና አለፍኩት። የጉሊቷ ሴትዮ "አባባ፣ ጠፍቶብዎት ነው?" አለችኝ። ቤት ስደርስ ሚስቴ በር ላይ ቆማለች።

"ሽንኩርቱስ?"

ባዶ እጄን አየሁ። እሷም አየችው።

"ሂድና አምጣ" አለችኝ። "ቲማቲምም ጨምር።"